ነፍስና ሥጋን ያልነጠለ ደብዳቤ

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ዛሬም ሊነበብ ይገባዋል። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት በዚያ ዘመን የምዕራብ ለጋሾች ለልማት ሥራ እጃቸው ሲፈታ ለወንጌል አገልግሎት ይሰስቱ ነበር። ደብዳቤው ሰው አንድ ሙሉ ፍጡር ስለሆነ እንጀራውንና እምነቱን ነጣጥሎ መርዳት እንደማይቻል ይሞግታል። በእርዳታ የምትንቀሳቀስ ቤተ ክርስቲያን ይህን ለሰጪዎቿ በግልጽ መጻፏ ትልቅ ድፍረት ነው።

እንዲህ ያለው እምነት ግፍን አላስቆመም የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ታፍነው ተገደሉ። ነገር ግን እምነታቸው ከመከራ የሚያስጥል ዋስትና ሆኖ አያውቅም። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ምእመናኔን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ ሙሉውን ሰው መውደድ ምን እንደሚያስከፍል እያወቁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ዓመታትን በእስር አሳለፉ፤ እምነታቸውን ግን አልተዉም።