የዳኛው ዓይንና የተማሪው እጅ

በሆሳዕናና በሀዲያና ከምባታ ከተሞች ስለሚካሄደው የተማሪዎች የሥነ ጥበብ ትርኢት ዳኝነት

ኪነ ጥበብ ያለ ሂስ አያድግም የሚለው አባባል በየመድረኩ ሲነገር የኖረ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ወጣት ከሂስ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኘው የት ነው ተብሎ ሲጠየቅ አይሰማም። በአዲስ አበባ ያደገ ወጣት ምናልባት በመጽሔት ገጽ ላይ ወይም በሥዕል አዳራሽ ውስጥ ሊገናኘው ይችላል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫ ወይም በሺንሺቾ ለሚማር ወጣት ግን የመጀመሪያው ሃያሲ መምህሩ ነው፤ የመጀመሪያው የሂስ ጽሑፍም በትምህርት ዓመቱ መዝጊያ ላይ ዳኞች በእጃቸው ይዘው የሚዞሩት የነጥብ መስጫ ወረቀት ነው።

ይህ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከቁጥር በስተቀር ምንም አይጻፍበትም። ሆኖም ተማሪው ቁጥሩን አንብቦ ትርጉም ይሰጠዋል። የትኛው ሥራ አንደኛ እንደወጣ አይቶ በሚቀጥለው ዓመት ምን መሥራት እንዳለበት ይወስናል። ስለዚህ የትርኢት ዳኝነት የአንድ ቀን ሥነ ሥርዓት ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። የአንድን አካባቢ ወጣቶች ዓይን የሚቀርጽ፣ የሚያቀና ወይም የሚያጣምም ሥራ ነው።

ቀድሞ በሸዋ ክፍለ ሀገር የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ቢሮው፣ አዳራሹና አደባባዩ እየበዛ ሲሄድ ለእነዚህ ሁሉ ሥዕልና ምስል የሚሠራ እጅ ያስፈልጋል። ያ እጅ ዛሬ በትምህርት ቤት ውስጥ ነው።

በሥዕሎቹ ፊት የሚቆሙት መምህራን ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ፣ ልምድ ያካበቱ ሰዎች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን ልምዳቸው ከየት እንደመጣ ማስተዋል ይገባል። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት ሥዕል፣ ሙዚቃና ሰውነት ማጎልመሻ በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች በአንድ የትምህርት ዓይነት ተጠቃልለው ቆይተዋል። በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ሥዕልና ፎቶግራፍ በአብዛኛው የኖሩት በክበባት ውስጥ ነው፤ የሥነ ጥበብ ክበብ አንዱ ሲሆን ማለዳ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ድምፁን የሚያሰማው ሚኒ ሚዲያ ሌላው ነው። ክበቡን የሚመራው መምህር በመደበኛ ሥራው ቋንቋ ወይም ሒሳብ ወይም ታሪክ የሚያስተምር ሊሆን ይችላል። የቋንቋ መምህሩ በሥዕሉ ውስጥ መልእክት ይፈልጋል፤ የሒሳብ መምህሩ መጠንን ይለካል። ሁለቱም የሚጠቅም ዕውቀት ይዘው ቢመጡም ከሁለቱ በፊት ሊቀድም የሚገባው ማየት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሥራዎች ጎን ለጎን ቀርበዋል እንበል። የመጀመሪያው ከታተመ ምስል የተቀዳ የአንበሳ ሥዕል ነው፤ ጎፈሩ በእርሳስ አንድ በአንድ ተሠርቷል፤ መስመሩ ንጹሕ፣ ጥላው ለስላሳ ነው። ሁለተኛው በውሃ ቀለም የተሠራ ነው፤ አንዲት ሴት በጓሮ ተቀምጣ እንሰት ትፍቃለች፤ አንድ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላዋለች፤ ቀለሙ በአንዳንድ ቦታ ከመስመሩ አልፎ ፈስሷል። ሦስተኛው በስልክ የተቀረጸ የሦስት ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው፤ በገበያ ቀን ቆጮ በእንሰት ቅጠል የሚጠቀልሉ ሁለት እጆች ብቻ ይታያሉ፤ ከገበያው ሁካታ በስተቀር ሙዚቃም ንግግርም የለበትም። በዳኞቹ ወረቀት ላይ አራት መለኪያዎች ተዘርዝረዋል፦ ይዘት፣ ቅርፅ፣ ንጽሕናና የተማሪው ማብራሪያ።

በተለመደው አካሄድ አንደኛ የሚወጣው አንበሳው ነው። የሴቲቱ ሥዕል «የሰውነት አቋም ስሕተት» ተብሎ ነጥብ ይቀነስበታል። ተንቀሳቃሽ ምስሉም «መልእክቱ ግልጽ አይደለም» ይባላል።

ከሁለተኛው ሥራ እንጀምር። እንሰት ሲፋቅ ቀርቦ የተመለከተ ሰው ያንን እግር ያውቀዋል። ፋቂዋ በመሬት ላይ በተነጠፈ ቅጠል ላይ ትቀመጣለች። ከእንሰቱ ግንድ የተላጠውን ክፍል ባዘመመ ሳንቃ ላይ ትዘረጋለች፤ እንዳይንሸራተትባትም እግሯን አንሥታ ጫፉን ከሳንቃው ጋር አጥብቃ ትይዘዋለች። ከዚያ በኋላ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። የሚፋቀው ክፍል ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል፤ ከጭማቂው ቡላ ይወጣል፤ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ነው። ስለዚህ የተሰቀለው እግር የሥራው መሣሪያ ነው። ተማሪዋ የሣለችው በዓይኗ ያየችውን ነው፤ ዳኛው ያረመው ግን ከመጽሐፍ በተማረው የሰው ቅርፅ ነው። ቆጮውን በማዕድ እንጂ በጓሮ ያላየ ዳኛ ለእውነት ነጥብ ቀንሶባታል ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ሥዕሉ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። የፈሰሰው ቀለም ጉድለት ነው። ወረቀቱ ሳይደርቅ ሁለተኛው ቀለም እንደተጨመረበት ያሳያል፤ ይህም ሊነገራትና ልታርመው የሚገባ ነገር ነው። ሃያሲ የሚለየው በዚህ ነው፤ የእጅን ስሕተት ከዓይን እውነት ጋር አያምታታም። ተማሪዋ በትክክል ባየችው ነገር ከተቀጣች በሚቀጥለው ዓመት ማየቷን ትተዋለች። ባፈሰሰችው ቀለም ብትታረም ግን ማየቷን እንደያዘች እጇን ታሻሽላለች።

ወደ አንበሳው እንመለስ። መቅዳት በራሱ ነውር አይደለም። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትምህርት ደቀ መዝሙሩ እጁን ያፍታታው የመምህሩን ሥራ እየቀዳ ነው። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ሆነ በሌላው ዓለም ቅጂ የልምምድ አንድ ክፍል ሆኖ ኖሯል። አንበሳውን የሣለው ተማሪ ትዕግሥቱና የእርሳስ አያያዙ ሊመሰገንለት ይገባል። ችግሩ ልምምዱ እንደ ፈጠራ ተቆጥሮ ዋንጫ ሲሰጠው ነው። ዘንድሮ አንድ የተቀዳ አንበሳ አንደኛ ከወጣ በሚመጣው ዓመት በዚያው ግድግዳ ላይ አሥር አንበሶች ይሰቀላሉ፤ እንሰት የምትፍቀዋ ሴት ግን አትመለስም።

ዳኞች ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚሉት ሌላው ነገር ደግሞ የርቀት አሣሣል ነው። ተማሪው የሩቁን ቤት ከቅርቡ እኩል አድርጎ ከሣለ፣ ወይም ጎጆውን ከውጭ፣ በውስጡ ያሉትን ከብቶች ደግሞ ግድግዳ እንደሌለ አድርጎ ካሳየ «ሕጉን አያውቅም» ይባላል። የርቀት ሕግ መማር ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ከብዙ የአሣሣል መንገዶች አንዱ ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊቱን ሙሉ፣ ክፉውን በአንድ ዓይን ብቻ ሲሥሉ ትርጉምን እንጂ ርቀትን አልለኩም። ከከምባታ ጎረቤት በሀላባ፣ በመንገድ ዳር የሚታዩት የክብ ቤቶች ውጫዊ ግድግዳዎች በእንስሳት፣ በሰዎችና በልዩ ልዩ ቅርፆች ያሸበረቁ ናቸው፤ ውበታቸውም ከጠፍጣፋው ግድግዳ ጋር በመስማማታቸው ነው። ፍራንዝ ቺዜክ የተባለው መምህር በ1897 እ.ኤ.አ. በቪየና ለሕፃናት የከፈተው የሥዕል ክፍል ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው የልጅን ሥዕል እንደ ጎደለ የአዋቂ ሥዕል ማየት ስላልፈለገ ነው። ዳኛው ሊጠይቅ የሚገባው ተማሪው የመረጠው መንገድ ለሚናገረው ነገር ተስማምቶታል ወይስ አልተስማማውም የሚለውን ነው።

ሦስተኛው ሥራ ለብዙ መምህራን እንግዳ ነው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ምስልን የሚያውቁት በሳተላይት ትምህርት በሚያስተላልፈው ፕላዝማ ነበር፤ ምስል ይቀበሉ ነበር እንጂ አይሠሩም ነበር። ዛሬ ስልኩ በእጃቸው ነው። ዳኛው ግን ተንቀሳቃሽ ምስልን የሚለካው በአብዛኛው እንደ ንግግር ነው፤ መፈክር ወይም ምክር ካልሰማ መልእክት የለም ይላል። ይህ ልማድ ሥር የሰደደ ነው። በ1970ዎቹ የኪነት ቡድኖች ከቀበሌ አንሥቶ በየደረጃው በተቋቋሙበት ዘመን መልእክት ከቅርፅ ቀድሞ ይታይ ነበር፤ የዘመኑ መልእክት ቢያልፍም የነጥብ አሰጣጡ ልማድ አላለፈም። በዚያ የሦስት ደቂቃ ምስል ውስጥ ይዘቱ በእጆቹ ውስጥ ነው። ቅጠሉ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ጣቶቹ የት እንደሚቸኩሉና የት እንደሚዘገዩ ያየ ሰው ስለ እናቶች ድካም ብዙ ተረድቷል። ዳኛው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎችም አሉ፦ የፊልሙ መነሻና መድረሻ በምርጫ የተወሰነ ነው ወይስ በአጋጣሚ? ድምፁ ለምን እንዳለ ቀረ? ባለ እጇ ሴት መቀረጿን ፈቅዳለች? የመጨረሻው ጥያቄ በሥዕል ዳኝነት እምብዛም የማይነሣ ሲሆን በካሜራ ሥራ ግን መቅደም ያለበት ነው።

አራተኛው መለኪያ ማብራሪያ ነው። ተማሪው በሥራው አጠገብ ቆሞ ሲጠየቅ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ነጥብ ያገኛል፤ ዓይነ አፋሩ ያጣል። በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ያሰበውን በአማርኛ ለማስረዳት የሚቸገረውም እንዲሁ ያጣል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው አሥራ አምስት ቋንቋዎች መካከል እነዚህ ሁለቱ ይገኙበታል፤ ኋላም በአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋዎች ሆነዋል። በቋንቋው ፊደል የቆጠረ ልጅ ሥራውን በቋንቋው ቢሰይም ጉድለት ሊባልበት አይገባም። ሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋመ ትምህርት ቤት የሚገኝባት ከተማ መሆኗም መታወስ ይኖርበታል። ከዚያ የመጣ ሥዕል ከሌሎች ጎን ቢሰቀል ማብራሪያው በምን ሊለካ ነው? ሥዕል ራሱ ቋንቋ ነው። ተማሪው ከሥዕሉ ውጭ ለሚናገረው ነጥብ ከተሰጠ የተዳኘው ሥዕሉ መሆኑ ይቀራል።

የዳኝነት ውጤት እስከ የት እንደሚደርስ ከአገራችን የሥነ ጥበብ ታሪክ መረዳት ይቻላል። እስክንድር ቦጎሲያን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በ1940ዎቹ ማብቂያ ከዘውድ ኢዮቤልዩ በዓል ጋር በተያያዘ የሥዕል ውድድር የተሰጠው ሁለተኛ ሽልማት ነበር። ከዚያ በኋላ በመንግሥት ድጋፍ ለትምህርት ወደ አውሮፓ ሄደ፤ ሥራዎቹ በፓሪስና በኒው ዮርክ ሙዚየሞች ተገዙ፤ በ1958 ዓ.ም. ገደማ ተመልሶም በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ለእርሱ የዳኞቹ ቁም ነገር በር መክፈታቸው ነበር እንጂ ደረጃው አልነበረም። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ከጀርመን ተመልሶ በ1955 ዓ.ም. ገደማ ሥራዎቹን ባሳየ ጊዜ ሥዕሎቹ እንግዳ ናቸው የሚል ክርክር ተነሥቶበት ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሥነ ጥበብ ሽልማት ተሰጠው። እንግዳ ነገር ሲያይ ለመፍረድ የማይቸኩል ዳኛ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። መለኪያው ከላላ አድልዎ ይገባል፤ የዘመድ ልጅ ይሸለማል፤ ሠንጠረዡ ቢያንስ ሁሉንም በአንድ ዓይን ያያል የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው። በትናንሽ ከተሞች ዳኛውም ተማሪውም ወላጁም ይተዋወቃሉ፤ ሠንጠረዡ ለመምህሩም መከታ ነው። ሆኖም አድልዎን የሚከላከለው ቁጥር ብቻውን አይደለም፤ ቁጥሩን የሚያስረዳ በጽሑፍ የሰፈረ ምክንያት ነው። ቁጥር ያለ ምክንያት አድልዎን ይሸፍናል፤ ምክንያቱ የተጻፈ እንደሆነ ግን ማንም አንብቦ ሊከራከርበት ይችላል።

ስለዚህ ሠንጠረዡ ይቆይ፤ ግን በላዩ ላይ ጥቂት ነገሮች ይጨመሩበት። ዳኞች መጀመሪያ ማንንም ሳይጠይቁና ብዕር ሳያነሡ አዳራሹን ይዙሩ፤ ነጥብ የሚሰጡት በሁለተኛው ዙር ይሁን። በእያንዳንዱ ሥራ ሥር ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ፤ አንዱ ተማሪው ምን እንዳየ፣ ሁለተኛው እጁ የት እንደደከመ የሚናገር ይሁን። ወረቀቱ በመዝገብ ቤት ተቆልፎ ከሚቀር ለተማሪው ይመለስ። ቅጂና ፈጠራ በተለያየ ምድብ ይወዳደሩ። ከመምህራኑ ጎንም በሥዕሎቹ ውስጥ ያለውን ሕይወት የሚያውቅ ሰው፣ እንሰት ፋቂም ሆነች ሸማኔ ወይም ሸክላ ሠሪ፣ አብሮ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የአንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ነው።

እንዲህ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ከዳኞቹ አንዷ የሆነች እናት በውሃ ቀለሙ ሥዕል ፊት ቆማ ያንን የተሰቀለ እግር ብታይ ስሕተት አትለውም። ምናልባት እግሩ ትንሽ ወደ ሳንቃው ሊጠጋ እንደሚገባው፣ አለዚያ የሚፋቀው እንደሚንሸራተት ለተማሪዋ ትነግራት ይሆናል። ያን ጊዜ ተማሪዋ እንደገና ወደ ጓሮ ሄዳ ታያለች፤ እንደገናም ትሥላለች።