ፕሮቦቴክተር የማን ልጅ ነው?

የቪዲዮ ጌም ቅርስ ከሚጠብቁ መዝገቦች ሁሉ የኖ-ኢንትሮን ያህል ጥንቃቄው የሚያስደስተኝ የለም። በዋናነት የካርትሪጅ ጌሞችን ይመዘግባል፤ ለዲስኮቹ ሬደምፕ የሚባል አቻ አለው። አጻጻፉ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ የጌሙ ስም፣ ቀጥሎ በቅንፍ የተሸጠበት አገር ወይም ክልል፣ ሲያስፈልግም ቋንቋውና የእርማት ቁጥሩ።

ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ለኒንተንዶ ማጫወቻ ያወጣውን ኮንትራን እንውሰድ። በጃፓኑ ቅጂ የዘንባባ ዛፎቹ በነፋስ ይወዛወዛሉ፤ በበረዶው ሜዳም በረዶ ይወርዳል። በአሜሪካው ዛፎቹ ዝም ብለው ቆመዋል፤ በረዶውም አይወርድም። ጌሙ አውሮፓ ሲደርስ ደግሞ ስሙ ፕሮቦቴክተር ሆነ፤ ወታደሮቹም በሮቦት ተተኩ። በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌላ ጌም መስሎት ያልፈዋል። መዝገቡ ግን ሦስቱን እንደ አንድ ቤተሰብ ልጆች አዛምዶ፣ ለየብቻቸው ይመዘግባቸዋል።

ከየስሙ ጎን ከፋይሉ ይዘት የተሰላ የቁጥር አሻራ ይቀመጣል። ከፋይሉ አንዲት ባይት ከተለወጠች አሻራውም ይለወጣል። ስለዚህ ቅጂ በእጁ ያለ ሰው የየትኛው ክልል እንደሆነና የተነካካ ነገር መኖሩን በቀላሉ ያመሳክራል።

ከሁሉ የምወድለት ግን ለአንዱ ቅጂ አለማዳላቱን ነው። በሮቦቶቹ ተጫውቶ ላደገ አውሮፓዊ ኮንትራ ማለት ፕሮቦቴክተር ነው፤ ለቶኪዮው ልጅ ደግሞ ያለ በረዶው ጎዶሎ ነው። መዝገቡ ለሁለቱም የልጅነታቸውን ጌም፣ በትክክለኛ ስሙ፣ ጠብቆላቸዋል።