የኅዳሩ ሩጫ በሐምሌ ጭቃ

ሰኔ 30 ካርድ ተሰጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሮጥ ወላጅ ሁሉ ተመሳሳይ ጣጣ ውስጥ ይገባል። ልጆቹ እስከ መስከረም እቤት ናቸው፤ ዝናቡ ገብቷል፤ ታላቁ ሩጫ ደግሞ ኅዳር ላይ ይጠብቃል። ብዙው ሰው «መስከረም ይጥባና እጀምራለሁ» ብሎ ጫማውን አልጋ ሥር ይከተዋል። መስከረም ሲጠባ የደብተሩ፣ የዩኒፎርሙ፣ የክፍያው ግርግር ይመጣል። ጥቅምት ላይ በርግጎ ይነሳና አስፋልት ላይ ይንደረደራል፤ ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱን ይዞ ሲያነክስ ይታያል። የእኔ እምነት ሌላ ነው። የኅዳሩ 10 ኪሎ ሜትር የሚሠራው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ ጭቃው ውስጥ፣ ከነልጆች።

እኔ ቢሮ የምውል ሴት ነኝ። ሜዳልያ የሚያሰጥ እግር የለኝም፤ ያለኝ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ፣ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅና ቅዳሜም ሥራ የሚገባ ባል ነው። ለብቻዬ የምሮጥበት ሰዓት ከየትም አይመጣም። የቤተሰብ ሽርሽርንና ልምምድን ለያይቼ ማሰብ የተውኩት ለዚህ ነው። ሽርሽሩን ልምምድ የሚያደርገው ቀስ ብሎ መሮጥ መቻል ነው፤ ይህ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ሙያ ይጠይቃል።

ስልክ ላይ የሚወርዱት የሩጫ ፕሮግራሞች «ቀላል ሩጫ» የሚሉት ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው የተሰላ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ጫፍ ሲደረስ ከ3,000 ያልፋል። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስልኩ «ቀላል» ያለውን ፍጥነት ከሽሮሜዳ በላይ ያለው ዳገት ላይ የሞከረ ሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወገቡን ይዞ ይቆማል፤ ከዚያም «ሩጫ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይደመድማል። የተሳሳተው እሱ አይደለም፤ ሠንጠረዡ ነው። እዚህ አገር ቀላል ሩጫ ማለት እያወሩ የሚሮጡት ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግረሽ መጨረስ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። በዚህ ረገድ የዘጠኝ ዓመት ልጅን የሚስተካከል የእጅ ሰዓት የለም፤ ጥያቄዋ አያልቅም፣ መልስም ትፈልጋለች። ድምፄ ሲቆራረጥ «እማዬ፣ አልሰማሁሽም፤ ቀስ በይ» ትለኛለች። አሰልጣኝ ገንዘብ ተከፍሎት የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ክረምት ላይ እንጦጦን የምወደው ለጉሙ ብቻ አይደለም። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ የሯጮች ሜዳ ሆኗል፤ በጠዋት የሄደ ሰው በዛፎቹ መሐል በሰልፍ የሚያልፉ አትሌቶችን ያያል። አሯሯጣቸውን ልብ በሉ። ቀጥ ብለው አይወጡም። ፊት ያለው መንገድ ይመርጣል፤ በዛፎቹ መሐል ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ የኋለኞቹ ዓይናቸውን ከእሱ ተረከዝ ሳይነቅሉ ይከተሉታል። ጉቶ ወይም ጉድጓድ ሲያጋጥም የፊተኛው በእጁ ይጠቁማል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ጨዋታ ይመስለዋል፤ ነገር ግን መጠማዘዙ ዳገቱን ያለዝበዋል፣ እግርም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከመርገጥ ይድናል፣ ፍጥነቱም በግድ ይገታል። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የተረገጠው መንገድ ላይ ያለው ቀይ አፈር ጫማ ላይ እየተለጠፈ እግር ሲያከብድ፣ ከዛፎቹ ሥር ያለው ሣርና የወደቀ ቅጠል ያስረግጣል።

ይህን ለልጆች ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሰልፉን መሥራት ብቻ ነው። ልጄ ፊት፣ ወንድሟ መሐል፣ እኔ ኋላ። መንገድ የምትመርጠው እሷ ናት። መጀመሪያ ላይ ዛፍ ባየች ቁጥር ትዞራለች፤ እየቆየች ግን የት እንደሚያዳልጥ፣ የቱ ቅጠል ሥር የዛፍ ሥር እንደተደበቀ ታውቃለች። እጇን ወደ ግራ ዝርግት ስታደርግ ታናሽየውም ሳያይ እጁን ይዘረጋል፤ እኔም እዘረጋለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ የእህቱን ተረከዝ ለመከተል ሲል ምን ያህል እንደሚሮጥ ያላየ ወላጅ ልጁን ገና አላወቀውም። ታዲያ ሲደክመው ይቆማል፣ እኛም እንቆማለን። እሱ ሲቆም ሰዓቴን አላቆምም፤ ለምን እንደማላቆመው ለማይሮጥ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፣ የሚከብደው ለሚሮጥ ነው።

ቁልቁለቱን የተማርኩት ከአትሌቶቹ አይደለም። ከላይ ደረቅ ቅርንጫፍ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱት እናቶች ናቸው ያስተማሩኝ። ሸክሙ ከመንገዱ ይሰፋል። «አሳልፉን ልጆቼ» ሲሉ ዳር እንይዛለን፤ ልጆቹ «እንደምን አደሩ» ይላሉ፣ እኔ እግራቸውን አያለሁ። እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ ነው። እርምጃቸው አጭርና ቶሎ ቶሎ ነው፤ ጉልበታቸው አንዴም ቀጥ አይልም፤ ተረከዛቸውን ተክለው ፍሬን አይዙም፣ ሙሉ እግራቸውን ያሳርፋሉ፤ ሰውነታቸው ወደ ኋላ ሳይሆን ከቁልቁለቱ ጋር ወደ ፊት ያዘነብላል። የእኛ ዓይነቱ ሯጭ ግን ቁልቁለት ሲያገኝ እርምጃውን ያስረዝማል፣ በየእርምጃው ተረከዙን ይተክላል፣ ክብደቱ ሁሉ ጉልበቱ ላይ ይወድቃል፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። የሌላ ሰው መከራ ለእኔ መዝናኛ ትምህርት መሆኑ ደስ አይለኝም፤ እነሱ ለእንጀራ ነው የሚወርዱት። ቢሆንም እንደ እነሱ መውረድ ከጀመርኩ ወዲህ ጉልበቴን አመመኝ ብዬ አላውቅም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ውለታ መካድ ይሆናል።

ሁልጊዜ እንጦጦ አይኬድም። መናገሻ ሱባ ስንሄድ ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ልምምድ ይሆናል። ጫካው የቆየ የጽድ ጫካ ነው፤ ያስተከሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል። እዚያ ጉሬዛ አለ፤ ጉሬዛ ካለ ደግሞ ወንድ ልጄን የሚይዘው የለም። ጥቁርና ነጭ ጭራ ቅርንጫፍ ላይ ባየ ቁጥር ይፈተለካል፣ ይቆማል፣ አንጋጦ ያያል፣ እንደገና ይፈተለካል። እኔም ከኋላው። አሰልጣኞች ፋርትሌክ የሚሉት ይኸው ነው፤ መሮጥ፣ መለስ ማለት፣ እንደገና መሮጥ፤ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ አስቀድሞ ሳይታወቅ። ፊሽካ የሚነፋ ሰው ቆሞ ቢያስሮጠኝ እንዲያ አልሮጥም። ቢሾፍቱ ደግሞ ለመዋኘትና ለዓሣ ነው የምንወርደው። ከተማዋ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ የሮጠ ሰው እግሩ ይቀልለዋል፤ «አሻሻልኩ» ብሎ እንዳይታለል ብቻ።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ የልጆች ጾም ነው። ልጄ እስከ 9 ሰዓት ካልጾምኩ ብላ ስትከራከረኝ እኔ ቁርስ በልቼ ልሮጥ አልችልም። በዚህ ላይ ከሯጭ ጓደኞቼ ጋር አንስማማም። አንዳንዶቹ ጠዋት ሮጠው ውኃ ሳይቀምሱ 9 ሰዓት ድረስ ይቆያሉ፤ እኔ ይህን ጉብዝና ብዬ አልጠራውም። ላብ የወጣበት ሰውነት ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነገር አልነካም። ከ9 ሰዓት በኋላ በሶ በስኳር በጥብጠን ከጠጣን፣ ዝናቡም ከፈቀደ፣ ሰፈር ውስጥ ትንሽ እንሮጣለን፤ ካልፈቀደ እንተዋለን። ዝናቡ ብዙ ጊዜ አይፈቅድም። ለሰውነትም ዕረፍቱ አይከፋውም፤ ፕሮግራም አውጪዎቹ በየአራተኛው ሳምንት ገደማ ቀለል አድርጉ የሚሉትን ለእኛ ቀን መቁጠሪያው ይሰጠናል። ቡሄ ወደ ጾሙ መጨረሻ ገደማ ይመጣል፤ ያን ዕለት ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ከቤት ቤት እየጨፈሩ ሙልሙል ሲሰበስቡ ከእኔ የበለጠ ይሮጣሉ።

የክረምቱ መጨረሻ ጳጉሜን ናት፤ በእኛ ቤት ጳጉሜን የአበበ ቢቂላ ናት። አበበ ሮም ላይ ማራቶኑን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር። የክብር ዘበኛው ወታደር በስዊድናዊው በኦኒ ኒስካነን እየሠለጠነ የአዲስ አበባን ክረምት ሲሮጥ ከርሞ ሄደ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ በባዶ እግሩ። ይህን በነገርኳቸው ቁጥር ወንድ ልጄ «ለምን ጫማ አልነበረውም?» ይላል። ነበረው፣ አልተመቸውም፤ ያለ ጫማ መሮጡን ደግሞ ለምዶታል። በነገርኩት ማግስት እንጦጦ ላይ ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ። አልከለከልኩትም፤ ካልሲው ግን እስካሁን አልነጣም። «ክረምት ለሩጫ አይሆንም» ለሚለኝ ሰው መልሴ የአበበ ጳጉሜን ነው።

መስከረም ላይ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ የእኔ ሥራ ይቀየራል። አደይ አበባው ሲፈነዳ፣ መሬቱም ሲጠነክር ፈጠን ያለ ነገር እጨምራለሁ፤ እሱም ብዙ አይደለም። መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ፍጥነት ቶሎ ይመጣል፤ መሠረቱ ሳይጣል የመጣ ፍጥነት ነው ሰው የሚሰብረው።

ከዚያ ኅዳር። የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ ኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲካሄድ 10,000 ሰው ሮጦ ነበር፤ ያሸነፈውም መሥራቹ ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ ነው። በኋላ ቁጥሩ ከ40,000 አልፏል። መንገዱ አንድ ዓይነት ቲሸርት በለበሰ ሰው ተሞልቶ፣ በየጥጉ ሙዚቃ እየተደለቀ፣ አንዳንዱ እየጨፈረ፣ አንዳንዱ ልጁን ትከሻው ላይ ጭኖ ነው የሚሄደው። እንደ እኔ መሐል የሚሰለፍ ሰው የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር መሮጥ ቢፈልግም አይችልም። በዚህ የሚበሳጩ አሉ፤ የእግረኛ መንገዱ ላይ እየዘለሉ፣ ሰው እየገፉ ያልፋሉ። የመጀመሪያው ከባድ ዳገት ላይ ወገባቸውን ይዘው አገኛቸዋለሁ። እኔ ያን ኪሎ ሜትር የምወስደው ልጄ «ቀስ በይ» እንዳለችኝ አድርጌ ነው። ዳገቱ ላይ እርምጃዬን አሳጥራለሁ፣ ከፊቴ ያለውን ሰው ተረከዝ እከተላለሁ። ቁልቁለቱ ላይ የኮንጎ ጫማዎቹን አስባለሁ። ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ አድርጌ እገባለሁ፤ በማግስቱ ቢሮ ደረጃውን በእግሬ እወጣለሁ። ለእናት ሯጭ ከሰዓቱ ይልቅ የሚያኮራው ይህኛው ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ማታውኑ የቤት ሥራ ማሠራት፣ እራት ማቅረብ፣ ልጅ ማጠብ አለ።

ከዋናው ውድድር ጋር ተያይዞ ለልጆችም የተዘጋጀ ሩጫ አለ። የእኔዎቹ እሱን ይጠብቃሉ፤ ለእሱ ብዬ ግን ለብቻ አላሠለጥናቸውም። ልጅን በሰዓት መያዝ፣ «ከትናንቱ ዘገየህ» ማለት፣ ሜዳ ዳር ቆሞ መጮህ አልወድም፤ ሩጫን እንዲጠላ ማድረጊያው አቋራጭ መንገድ ያ ነው።

ለወላጆች የምለው አጭር ነው። በሚቀጥለው ሰኔ 30 ካርዱን ስትቀበሉ፣ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ለማስመዝገብ ከመሰለፋችሁ በፊት፣ በሳምንት አንድ ጠዋት ለጫካው አስቀሩለት። ቅያሪ ካልሲ፣ ለጭቃው ጫማ ፌስታል፣ ለመንገድ የበሶ ጭብጦ ያዙ። በየመንገዱ የሚገዛው ጣፋጭ ይቅርባቸው። የአዲስ አበባ ክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው የሚወርደው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከወጣችሁ ሳትበሰብሱ ቤት ትገባላችሁ። የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ግን ቶሎ ያልቃል፤ እሱን አስቀድማችሁ ግዙ።