የባከነ ተራ፦ የጎ ጨዋታን ቅርጾች ስለማስተማር

የጎ ጨዋታን ለጀማሪ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ጥቂት ገጾች እንደሄዱ ጥሩና መጥፎ ቅርጾችን በሥዕል መደርደር ልማዳቸው ነው። ባዶው ሦስት ማዕዘን መጥፎ፣ ዳንጎ የሚባለው የተድበለበለ የጠጠር ክምር የባሰ መጥፎ፣ አንድ የባላጋራ ጠጠር ከተበላ በኋላ በዙሪያው የሚቀረው አልማዝ መሰል የአራት ጠጠር ቅርጽ ማለትም ፖንኑኪ እጅግ ጥሩ። ተማሪው ሥዕሉን ያጠናል፣ ከሥዕሉ ጋር የሚሄደውን አባባል ይሸመድዳል፣ ከዚያ በኋላ በሰሌዳው ላይ የሚያየውን ሁሉ በዚያ ዓይን ይዳኛል። ይህ ዘዴ ከሚገባው በላይ ተመስግኗል ብዬ አምናለሁ። ኮምፒውተር የቅርጽን ትምህርት ሽሮታል የሚለው አስተያየት የበቀለውም ከዚሁ ዘዴ ነው።

ባዶውን ሦስት ማዕዘን ጠጋ ብለን እንየው። ጠጠር የሚቀመጠው በመስመሮች መገናኛ ላይ ነው፤ ከተቀመጠ በኋላም ካልተበላ በቀር ከቦታው አይነሳም። ጥቁር ሁለት ጠጠሮችን በሰያፍ አስቀምጧል እንበል። ሁለቱን ሊያያይዙ የሚችሉ ሁለት ባዶ መገናኛዎች አሉ፤ ነጭ አንዱን ቢይዝ ጥቁር ሌላውን ይይዛል፣ ስለዚህ ጠጠሮቹ ሳይነካኩም እንደተያያዙ ይቆጠራሉ። አሁን ጥቁር ማንም ሳያስገድደው ከሁለቱ በአንዱ ላይ ሦስተኛ ጠጠር ቢጨምር ሦስት ማዕዘኑ ተሠራ፤ አራተኛው ነጥብ ባዶውን ቀረ። መጻሕፍቱ የዚህን ቅርጽ ጉድለት በአብዛኛው የሚያስረዱት በመተንፈሻ ቁጥር ነው። ጠጠርን በጎን የሚነኩ ባዶ መገናኛዎች መተንፈሻዎቹ ናቸው፤ ሁሉም በባላጋራ ሲደፈኑ ጠጠሩ ይበላል። በቀጥታ የተደረደሩ ሦስት ጠጠሮች 8 መተንፈሻ ሲኖራቸው ባዶው ሦስት ማዕዘን ያለው 7 ነው። አንድ ጎደለ፣ ስለዚህ ቅርጹ መጥፎ ነው ይሉናል።

ቁጥሩ ልክ ነው፤ ማስረጃ ለመሆን ግን አይበቃም። ባዶው ነጥብ ላይ የነጭ ጠጠር እናስቀምጥ። የጥቁር መተንፈሻ ወደ 6 ይወርዳል። በመተንፈሻ ብቻ ከሄድን ቅርጹ ከቀድሞውም መክፋት ነበረበት፤ ባለሙያዎች ግን መጥፎ አይሉትም። ነጭ ከሁለቱ ማያያዣዎች አንዱን ይዞ ሊቆርጥ መጥቷል፣ ጥቁርም ሌላውን ይዞ አያይዟል፤ ተገቢ መልስ ነው። ሦስቱ ጥቁር ጠጠሮች ካሉበት አልተነቃነቁም፣ መተንፈሻቸው ቀንሷል፣ ፍርዱ ግን ተገልብጧል። እንግዲያው ጥፋቱን በሦስቱ ጠጠሮች አቀማመጥ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የጠፋው ተራ ነው፤ ተያይዞ የነበረውን እንደገና ለማያያዝ የወጣው ተራ።

ይህን የሚመረምር መሣሪያ ከተገኘ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጃፓን የጎ ሊቅ የነበሩት አራተኛው ሆኒንቦ ዶሳኩ (እ.ኤ.አ. 1645–1702) እንዳስጀመሩት የሚነገርለት ቴዋሪ ነው። በሰሌዳው ላይ የተፈጠረውን ቅርጽ ወስዶ ጠጠሮቹ የተቀመጡበትን ቅደም ተከተል መቀያየር፣ ካስፈለገም ከሁለቱም ወገን እኩል ጠጠር ማንሳት፣ ከዚያ በአዲሱ ቅደም ተከተል አስተዋይ ተጫዋች ፈጽሞ የማያስቀምጠው ጠጠር የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው። ባዶውን ሦስት ማዕዘን በዚህ እንፈትነው። የማዕዘኑ ጠጠር መጨረሻ መጣ ካልን የተያያዘውን አያይዟል። ከክንዶቹ አንዱ መጨረሻ መጣ ካልን ደግሞ፣ ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ጠጠሮች ተነሥቶ ማንም ወደሌለበት ታጥፏል፤ ቀጥ ብሎ ቢወጣ ወይም አንድ መገናኛ ዘሎ ቢያርፍ ይሻለው ነበር። ቅደም ተከተሉን እንዴትም ብናደርገው አንድ ጠጠር ሥራ ፈትቶ ይገኛል። ነጭ አራተኛው ነጥብ ላይ ካለ ግን መጨረሻ የመጣው ጠጠር ወይ ያያይዛል ወይ የነጭን መንገድ ይዘጋል። የጎ ሊቃውንት ካተረፉልን ሐሳቦች ሁሉ ቴዋሪን የማስቀድመው ለዚህ ነው። ቅርጽን ከጊዜ ጋር ያስታርቃል። ይህን የመሰለ መሣሪያ ለከፍተኛ ተጫዋቾች የሚቆይ ጥበብ ሆኖ ጀማሪው በአባባል መታጨቁ ለእኔ ይቅር የማይባል ስንፍና ነው፤ ሦስት ጠጠርና አንድ ጥያቄ ብቻ የሚፈልገውን ትምህርት ለምን እናዘገየዋለን?

ከአባባሎቹ የከፋው ፖንኑኪ 30 ነጥብ ያወጣል የሚለው ይመስለኛል፤ ቁጥር ስለያዘ የተሰላ ይመስላል። ፖንኑኪ በየአቅጣጫው ኃይል የሚያሳድር ቅርጽ መሆኑን አልክድም። ግን እንዴት እንደሚገኝ እንይ። ጥቁር የነጭን አንድ ጠጠር በመሰላል፣ ማለትም በየተራው አንድ መተንፈሻ ብቻ እያስቀረ በሰያፍ፣ ሊያሳድድ ይችላል፤ ነጭ በሌላ ጥግ መሰላሉን የሚሰብር ጠጠር ያስቀምጣል፤ ጥቁር በልቶ ቅርጹን ሲያበጅ ነጭ እዚያው ጥግ ሁለተኛ ተራ ያገኛል። ነጭ በሁለቱ ተራዎች ያተረፈው ከ30ው ላይ አልተቀነሰም።

ሥዕልን ነጣጥሎ ማስጠናት ሊቃውንት ሰሌዳውን ከሚያዩበት መንገድም ይርቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጁዲት ራይትማን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት አንድ የጎ ሊቅንና አንድ ጀማሪን አነጻጽረው ነበር። ሊቁ በሰሌዳው ላይ የሚያያቸውን ስብስቦች እንዲከብብ ሲጠየቅ ክቦቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራረቡ፤ አንዱ ጠጠር በአንድ ጊዜ የብዙ ስብስቦች አባል ሆነ። የመጽሐፉ ሥዕል ግን እያንዳንዱን ቅርጽ በየሣጥኑ ዘግቶ፣ ጎረቤት እንደሌለው አድርጎ ያሳያል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። የጎ ተጫዋቹ ፕሮግራም አልፋጎ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሴኡል ላይ የኮሪያውን ሊቅ ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ሲረታ፣ በሁለተኛው ጨዋታ 37ኛ ጠጠሩን ከጠርዝ አምስተኛው መስመር ላይ አሳርፎ ተንታኞችን አስደንግጧል። ከዚያ ወዲህ የድሮ የቅርጽ ትምህርት አበቃለት የሚሉ በዝተዋል። በተከታዩ ዓመት የተገኘው ማስረጃ ግን ሌላ ይናገራል። ከሕጉ በቀር ከሰው ምንም ያልተማረው አልፋጎ ዜሮ በሦስት ቀን ውስጥ 4.9 ሚሊዮን ጨዋታ ከራሱ ጋር ተጫውቶ፣ ሊ ሴዶልን ያሸነፈውን ስሪት 100 ለ 0 ረታ። ሠሪዎቹ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ ፕሮግራሙ በራሱ ከደረሰባቸው ጽንሰ ሐሳቦች መካከል ቅርጽን በስም ጠቅሰዋል። የሰው ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚማረውን መሰላልን ግን በደንብ የተረዳው ዘግይቶ ነበር። አባባል ያላነበበ፣ ሥዕል ያላጠና ማሽን ብዙ ተራ ሲያባክንና ሲቀጣ ቆይቶ ቅርጽን አገኘ። የተሻሩት አንዳንድ የጥግ አጨዋወቶችና የተጋነኑ ግምቶች ናቸው፤ የተራ ቁጠባ አልተሻረም።

ከመጻሕፍቱ መካከል ለካገያማ ቶሺሮ የመሠረታውያን ትምህርት ልቤ ያደላል። ባለሙያ ከመሆናቸው በፊት አማተር ሻምፒዮን ስለነበሩ አማተር የት እንደሚሰንፍ ያውቃሉ፤ የጥሩና የመጥፎ ቅርጽ ምዕራፋቸውም ግድ ባለው ሰው ድምፅ የተጻፈ ነው። ከአሥር የሥዕል ስብስብ ይልቅ ይህን አንድ ምዕራፍ ለተማሪ እመርጣለሁ።

ጃፓኖች ደግሞ ትክክል ለሆነው ባዶ ሦስት ማዕዘን ስም አላቸው፤ ጉዙሚ ይሉታል። የሚያምሩት አማራጮች ሁሉ ተሰልተው መቆረጫ ወይም ማምለጫ ሲተዉ፣ ያ የማያምር ጠጠር ብቻ የባላጋራን ቡድን መተንፈሻ ሲነሳ ወይም ሁለት ዛቻ በአንድ ጊዜ ሲያስነሳ ጉዙሚ ይሆናል። የጀማሪ መጻሕፍት ሲያነሱት እንደ ልዩ ሁኔታ በግርጌ ያልፉታል። መሆን የነበረበት ከባዶው ሦስት ማዕዘን ጋር በአንድ ገጽ፣ ጎን ለጎን ነበር፤ ሁለቱን የሚለየው የጥቁር ጠጠሮች ቦታ ሳይሆን ከዚያ በፊት የተጫወቱት አምስትና ስድስት ተራ ነው፣ ያንን ግን ሥዕሎቹ አያሳዩም።