ያልገጠሙ ቀለበቶች

የመጀመሪያው ስሕተቴ ሙሉ ቁጥር መውደዴ ነበር። እህቴ «አ» ብላ በአንድ እስትንፋስ የያዘቻቸውን ሦስት ድምፆች ቀዳሁና አንዱ በየ20፣ አንዱ በየ25፣ አንዱ በየ30 ሰከንዱ እንዲመለስ ኮምፒውተሬ ላይ አሰናዳሁ። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ሦስቱም እኩል ተነሡ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሜ ዐወቅሁት፤ ሙዚቃው ሰዓት ሆነብኝ።

ይህን እንድሞክር ያነሣሣኝ ሙዚቀኛው ብራያን ኢኖ በ1978 እ.ኤ.አ. ለአውሮፕላን ማረፊያ ብሎ ያወጣው አልበም ነው። ሐሳቡ የመጣለት ጀርመን ውስጥ፣ በኮሎኝ ቦን ማረፊያ ሆኖ ሲጠብቅ ነበር። ብዙ ሰው የሚወደው የሮበርት ዋያት ፒያኖ ያለበትን የመጀመሪያውን ክፍል ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን ሁለተኛው ነው። እዚያ ያለው የሦስት ሴቶችና የኢኖ የራሱ ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ የተቀዳበት የቴፕ ክር ጫፍና ጫፉ ተጣብቆ ቀለበት ይሆናል። ክሩ ከመሣሪያው ስለሚተርፍ በድምፅ መሐንዲሱ ኮኒ ፕላንክ ስቱዲዮ በአሉሚኒየም ወንበሮች ዙሪያ እየዞረ ይመለስ ነበር። ኢኖ እንደተናገረው ከቀለበቶቹ አንዱ 23.5፣ ሌላው 25.875፣ ሦስተኛው 29.9375 ሰከንድ ይፈጅ ነበር።

ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ አሰላኋቸው። እኩል ቢነሡ፣ እንደገና እኩል የሚነሡት 27 ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። እኛ የምንሰማው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ቀን ዐሥር ደቂቃ እንኳ የማይሞላውን ነው።

ታዲያ የደራሲው ድርሻ ምን ላይ ነው? ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ያለው ላይ ይመስለኛል። የትኛውም ድምፅ ከየትኛውም ጋር ቢገናኝ ጆሮ የማይጎዳ መሆን አለበት፤ እኔ ለዚህ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከሞከርኳቸው አንዷ ድምፅ ለብቻዋ ስትሰማ ከሁሉም ታምራለች፤ ከሌሎቹ ጋር ስትገጥም ግን ትቆረቁራለች። ጣልኳት፤ አሁንም ትቆጨኛለች። የእህቴን የትንፋሽ አወሳሰድ ግን አልቆረጥኩም። እሱ ሲወጣ ዝምታው ባዶ ይሆናል፤ እሱ ሲኖር ዝምታው ሰው አለበት። ከዚያ በኋላ የሚከብደው እጅን መሰብሰብ ነው። ጣቴ «ትንሽ ላስተካክል» ይላል።

ዙሮቹን 21.4፣ 26.3 እና 31.7 ሰከንድ አድርጌ ድምፁን ዝቅ አደረግሁና ሌላ ሥራ ያዝኩ። እኩለ ሌሊት አካባቢ ሁለት ድምፆች ሰምቼው በማላውቀው መንገድ፣ አንዱ ሌላውን ደግፎ እንደሚያነሣው ሆነው ተገናኙ። ቀና ብዬ ወደ ኮምፒውተሩ አየሁ። እየቀዳ አልነበረም።