የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ምርጫና ፊርማው

በውጭ አገር ባሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከተለመዱት ነገሮች አንዱ በመደርደሪያው ጠርዝ ላይ የምትለጠፍ አንዲት ትንሽ ወረቀት ናት። በዚህች ወረቀት ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የወደደውን መጽሐፍ፥ አንዳንድ ጊዜም የወደደውን ሙዚቃ ወይም ፊልም ስም ይጽፍና ለምን እንደ ወደደው በሁለት በሦስት መሥመር ያስረዳል፤ ከግርጌም ስሙን ያኖራል። አንባቢው ወረቀቷን አይቶ መጽሐፉን ይወስዳል፥ ወይም ትቶት ያልፋል። ነገሩ እጅግ ቀላል ስለ ሆነ ሒስ የሚጻፍበት አይመስልም። እኛ ግን ይህች ወረቀት ራሷን የቻለች አጭር የሒስ ጽሑፍ ናት ብለን ስለምናምን፥ እንደ ማናቸውም ጽሑፍ በጎነቷንና ጉድለቷን መመርመር ተገቢ መስሎ ታየን።

ልማዱ ሲጀመር ጠባዩ ከዛሬው የተለየ ነበር። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1925 እ.ኤ.አ. ለአንባቢዎች መምሪያ የሚሆኑ ተከታታይ ትንንሽ መጻሕፍት ማሳተም ጀመረ። በያንዳንዱ ውስጥ አንድ ዐዋቂ ስለ አንድ የዕውቀት ክፍል አጭር መግቢያ ይጽፋል፤ ከመግቢያውም ቀጥሎ አንባቢው ሊያነባቸው የሚገባውን ጥቂት መጻሕፍት ያመለክታል። በዚያ ዘመን ሠራተኛው እንደ መምህር፥ አንባቢው እንደ ደቀ መዝሙር ይቈጠር ነበር። ይህ ሥርዓት ለኛ እንግዳ አይደለም፤ በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠረ ልጅ ወደ ንባብ፥ ከንባብም ወደ ዳዊት የሚሻገረው መምህሩ ባወጣለት ተራ እንጂ እርሱ በወደደው አልነበረም። ለትምህርት ቤት ተራው ይጠቅማል። ከሥራ ውሎ ደክሞት አንድ መጽሐፍ ይዞ ወደ ቤቱ ለመግባት የመጣ ሰው ግን ተራ ከሚያወጣለት ይልቅ የሚያጫውተው ይፈልጋል።

የሕንዱ ራንጋናታን የሒሳብ መምህር ሳሉ በ1924 እ.ኤ.አ. የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኑ፤ በ1931ም ስለዚሁ ሥራ አምስት ሕጎችን የያዘ መጽሐፍ አሳተሙ። ከአምስቱ ሁለቱ ለያዝነው ጉዳይ ዋና ናቸው። አንዱ ለያንዳንዱ አንባቢ የሚስማማው መጽሐፍ እንዲገኝለት፥ ሌላው ደግሞ ለያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው እንዲገኝለት የሚያዝዙ ናቸው። የፊተኛውን ሁሉም ይቀበለዋል። የኋለኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ መጽሐፍም አንባቢ አጥቶ እንደሚቸገር፥ ዐሥር ዓመት ሳይገለጥ በመደርደሪያ ላይ የኖረ መጽሐፍ ጠበቃ እንደሚያሻው የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

በኋላ፥ በተለይም ጆይስ ሳሪክስና ናንሲ ብራውን የተባሉ ሁለት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በ1989 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት መጽሐፍ ወዲህ፥ አንባቢን «ምን መማር ይፈልጋሉ?» ማለት ቀርቶ «የመጨረሻውን የወደዱትን መጽሐፍ ያጫውቱኝ» ማለት እየተለመደ መጣ። የሲያትሏ ወይዘሮ ናንሲ ፐርል ደግሞ ነገሩን በምሳሌ አቀለሉት። እርሳቸው እንደሚሉት ሰው ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው በሮች አራት ናቸው፤ ታሪኩ፥ ሰዎቹ፥ ስፍራውና ቋንቋው። አንዱ አንባቢ በታሪኩ በር ሲገባ ሌላው በቋንቋው በር ይገባል፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንዱን መጽሐፍ እኩል ወደዱት ማለት አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይወዳሉ ማለት አይሆንም። እኒሁ ወይዘሮ በ1998 እ.ኤ.አ. የሲያትል ከተማ ሕዝብ አንድ መጽሐፍ በአንድነት አንብቦ እንዲወያይ ያደረገውን ሥራ የጀመሩ ናቸው፤ በ2003ም የመረጧቸውን መጻሕፍት የዘረዘሩበት መጽሐፍ ወጣላቸው። በዚያው ዓመት በመልካቸው የተሠራ አሻንጉሊት ለገበያ ቀርቦ ነበር፤ ቍልፉን ሲጫኑት እጁን ወደ ከንፈሩ አንሥቶ ዝም አሰኚ ይሆናል። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቻቸው በዚህ ተቈጡ። ቍጣው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ስንት ሰው አንባቢና መጽሐፍ ያገናኙትን ሴት አሳይ ቢባል ሠሪው ያገኘው ምልክት ዝምታ ሆነ።

የበሮቹ ምሳሌ ለኛ መጻሕፍት ይሠራ እንደ ሆነ እንፈትነው። አንድ አንባቢ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንብቦ ይመልስና «እንደዚህ ያለ ሌላ ስጡኝ» ይላል። ይህ ጥያቄ በ1958 ዓ.ም. መጽሐፉ ከታተመ ጀምሮ ያልተጠየቀ የመጻሕፍት ሻጭ ያለ አይመስለንም። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የዚያኑ ደራሲ ሌላ ሥራ ማቀበል ነው፤ «ወንጀለኛው ዳኛ» ወይም «የልምዣት» ይቀርባል። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን የመዝገብ መልስ ነው፤ የደራሲውን ስም ማንበብ የሚችል ሁሉ ይመልሰዋል። ዐዋቂው ሠራተኛ ግን አስቀድሞ ይጠይቃል። ከመጽሐፉ የቱ ነው ልብዎን የያዘው? አንባቢው «የሰብለና የበዛብህ ነገር አንጀቴን በላው» ቢል በአንድ መንገድ ይወስደዋል። «የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ኑሮ፥ ያ የመጀመሪያው ክፍል» ቢል መንገዱ ሌላ ነው። «የጉዱ ካሣ ንግግር» የሚል ከሆነ ግን፥ እኛ በበኩላችን ሳናመነታ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» እናቀብለው ነበር።

ለምን ቢባል፥ በ1962 ዓ.ም. የወጣው «አደፍርስ» እንደ ጉዱ ካሣ ያለ ክርክር የሞላበት መጽሐፍ ነው፤ ከከተማ የመጣ የተማረ ወጣትና የአገር ቤት ልማድ ፊት ለፊት ይገናኙበታል። ይሁን እንጂ ይህን ብቻ ነግሮ አንባቢውን መሸኘት አንባቢውን ማታለል ነው። መጽሐፉ አስቸጋሪ ነው። የሰሜን ሸዋ ቃላት በዝተውበታል፤ ታሪኩ እንደ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢውን በእጁ ይዞ አይወስደውም፤ ንግግሩ ከድርጊቱ ይበልጣል። ስለ ሆነም ወረቀቷ እንዲህ ብትል መልካም ነበር፤ «ይህ መጽሐፍ ለሁሉም አይሆንም። ጉዱ ካሣ ሲናገር ገጹ እንዳያልቅባቸው ለሚሳሱ ግን ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች በዝግታ ያንብቡ፤ ያልገባዎትን ቃል ይለፉት፤ ኋላ ራሱ ይገባዎታል።» በእነዚህ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ መጽሐፉ ለማን እንደሚሆን፥ ለማን እንደማይሆን፥ ችግሩና የችግሩ መውጫ ተነግሯል። «ግሩም ድርሰት ነው፤ ማንም ሊያነበው ይገባል» ከሚለው ጋር ይመዛዘን።

ይህ የኋለኛው ዐይነት ጽሑፍ የልማዱ ዋና በሽታ ነው። ጥፋቱም በውጭ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም፤ የኛም መጻሕፍት የጀርባ ሽፋን በደራሲው ወዳጆች ምስጋና የተሞላ ነው፤ ምስጋናውንም ከአንዱ መጽሐፍ ነቅሎ በሌላው ላይ ቢለጥፉት ልዩነቱን የሚያውቅ የለም። ምስጋና የሚያስተምረው ስለ አመስጋኙ ደግነት ነው፤ ስለ መጽሐፉ ምንም አይናገርም። ሌላም ደካማ ወረቀት አለ፤ ይኸውም ሁሉም የሚያውቀውን የሚያመለክት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያንብቡ ብሎ መለጠፍ የሠራተኛውን ጊዜ ማባከን ነው፤ ያንን ሥራ ወጋየሁ ንጋቱ በደርግ ዘመን መጽሐፉን በራዲዮ ሲተርክ በድምፁ ፈጽሞታል። ማንበብ ለማይችለው ሳይቀር አድርሶታል። ወጋየሁ አንድም ጊዜ «መጽሐፉ ግሩም ነው» ማለት አላስፈለገውም፤ አነበበው፥ በቃ።

የሲያትል ቤተ መጻሕፍት በዚህ ረገድ የዘረጋው አንድ አሠራር ሊጠቀስ ይገባዋል። አንባቢው የወደደውንና ያልወደደውን ጽፎ ይልካል፤ ሠራተኞቹም ቀጥሎ ሊያነባቸው የሚችሉ አምስት መጻሕፍት መርጠው፥ የመረጡበትን ምክንያት ጨምረው ይመልሱለታል። ያልወደደውን ጭምር መጠየቁ ትልቅ ብልሃት ነው፤ ሰው የሚጠላውን ሲናገር ከሚወደው ይልቅ ራሱን ይገልጣልና። በዚያች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ የቤተ መጻሕፍቱም መደርደሪያ የአማርኛ መጻሕፍት አሉበት። እዚያ የተወለደ ልጅ የአማርኛውን መደርደሪያ ሲያይ ግን ከየትኛው ይጀምር? ፊደሉን አውቆ ቃሉ የሚያግደውን ልጅ «አደፍርስ»ን ማሸከም ከአማርኛ ማባረር ነው። ወረቀቷ ከሁሉ ይልቅ የምታስፈልገው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው።

አሁን በርትቶ የሚቃወም አንድ ሐሳብ እናንሣ። የመንግሥት ሠራተኛ የግል ፍቅሩን በሕዝብ መደርደሪያ ላይ ሊለጥፍ ይገባዋልን? ደመወዙን የሚከፍለው ሕዝብ ነው፤ መጻሕፍቱ ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ ናቸው፤ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ለማድረግ ማን ሾመው? ይህ ተቃውሞ ከንቱ አይደለም፤ እኛም በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስለ ሆንን በሚገባ እናውቀዋለን። ደብዳቤ ስንጽፍ «መሥሪያ ቤታችን» እንላለን እንጂ «እኔ» አንልም፤ ይህንን ጽሑፍ እንኳ «እኛ» እያልን የምንጽፈው ከዚያው ልማድ የተነሣ መሆኑን አንባቢ ሳይታዘበን አልቀረም። ነገር ግን መልሱ በወረቀቷ ግርጌ ነው፤ ፊርማው። ቤተ መጻሕፍቱ በማኅተሙ «ይህ ይበልጣል» ቢል ፍርድ ይሆናል፤ ፍርዱም ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። አንድ ሠራተኛ በስሙ «እኔ ይህን ወደድሁ» ቢል ግን አንባቢው ከሰው ጋር ይነጋገራል፤ ባይስማማው ተመልሶ «አልወደድሁትም» ሊለው ይችላል፤ በሦስተኛው ጊዜም የማን ምርጫ ከእርሱ ጠባይ ጋር እንደሚሄድ ያውቃል። ስም የሌለባት ወረቀት ማስታወቂያ ናት። ብዙ ሰው የወሰደውን ቈጥሮ ለሌላው ሰው የሚያቀርበው የዛሬው የኮምፒውተር ምርጫም ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቍጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ተመልሰው የሚሟገቱት ግን የለም።

ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝብን ያገለገለው ወመዘክርም ሆነ በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው ሰፊው አብርሆት፥ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ገብተው የሚያጠኑባቸው ስፍራዎች መሆናቸው የታወቀ ነው። ጥናቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ወንበሩን ፈልጎ የመጣው ወጣት ሲወጣ አንድ ያላሰበውን መጽሐፍ ይዞ ቢወጣ እንዴት መልካም ነበር! ይህን ሥራ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚሠሩት መጻሕፍቱን እስከ አገጫቸው ከምረው የሚዞሩት አዟሪዎች ናቸው። ባለፈው ወር የገዙትን አስታውሶ «ያንን ከወደዱ ይህን ይዩ» የሚል አዟሪ ያላጋጠመው አንባቢ ጥቂት ነው። እርግጥ አዟሪው መሸጥ ይፈልጋል፤ ምክሩም ከትርፉ አይለይም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ትርፍ የለውምና ምክሩ ሊታመን የሚገባው እርሱ ነበር።

ስለ ሙዚቃና ስለ ትርኢት ብዙ አንልም፤ ደንቡ ያው ነውና። ጂም ጃርሙሽ በ2005 እ.ኤ.አ. በሠራው «ብሮክን ፍላወርስ» በሚባለው ፊልም ውስጥ ዊንስተን የተባለ ኢትዮጵያዊ ጎረቤት ለመንገደኛው ወዳጁ የአገሩን ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል፤ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃም በመንገዱ ሁሉ አብሮት ይጓዛል። ስለ ኢትዮጵያ ጃዝ ታሪክ ንግግር ቢያደርግለት ኖሮ ወዳጁ መስማቱን እንጠራጠራለን። ሙዚቃን የሚያመለክት ወረቀት ከመጽሐፉም ያነሰች ትሁን፤ መቼ ቢሰማ እንደሚስማማ መናገር ይበቃታል።

የሚቀረው ሠራተኛው ራሱ ማንበቡ ነው። ስሙን በማንጠቅሰው አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሠራተኛ በጠረጴዛው ላይ ልብ ወለድ ገልጦ ሲያነብ አለቃው ደርሶበት፥ «ሥራ ፈትተሃልን?» ብሎ ሲገሥጸው ሰምተናል። ሠራተኛው መጽሐፉን ዘግቶ የመዝገብ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ፤ ወረቀቱ ምን እንደ ሆነ አለቃው አልጠየቀም። ጠጅ ሳይቀምስ ጠጅ እንዲያመሰግን የሚታዘዝ አሳላፊ የለም። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለንባብ ቢፈቀድ፥ በዓመት ውስጥ ከአንድ ሠራተኛ ብዙ ወረቀት ሊጠበቅ ይችላል፤ ወጪውም የካርቶን ቅዳጅና የእርሳስ ዋጋ ነው።

ለመጀመሪያዋ ወረቀት መጽሐፍ ለቸገረው ሠራተኛ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ተረት ተረት የመሠረት» እናመለክተዋለን። በ1948 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ በታላቁ ልብ ወለድ ጥላ ተጋርዶ ስለ ኖረ ደራሲው ተረት መጻፋቸውን የማያውቅ ብዙ ነው። ማታ ለልጆቹ የሚያነበው አጥቶ በየቀኑ አንዱን ተረት ለሚደግም አባት ይሆናል፤ ፈጣን ታሪክ ለለመደ ወጣት አይሆንም።