ማስረጃ እንጂ ብይን ያልሆነ ግንኙነት፦ «ቶምስ ሪቨር» ሲገመገም

ጋዜጠኛ ዳን ፌጊን እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው «ቶምስ ሪቨር»፣ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት በምትገኝ በዚሁ ስም በምትጠራ ከተማ በርክቶ የታየውን የሕፃናት ካንሰር መንስኤ ፍለጋ ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ1971 በአንድ እርሻ ላይ የተጣለ የኬሚካል ዝቃጭ ወደ መጠጥ ውኃ ጉድጓዶች የሰረገበትን መንገድ ደራሲው አጥርቶ ያሳያል። ሆኖም የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት በቃለ መጠይቅ ያካሄደው ጥናት 40 ሕሙማን ሕፃናትን ብቻ ያካተተ ነበር። ግንኙነቱም ጎልቶ የታየው በማኅፀን ሳሉ ለዚያ ውኃ በተጋለጡ ሴት ልጆች ሉኪሚያ ላይ ነው። ደራሲው ይህን ገደብ ባይሸሽግም፣ የትረካው ኃይል አንባቢን ከቁጥሩ አቅም በላይ ወደ እርግጠኝነት ይስባል። ለጤና ባለሙያ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወቅት የት እንደኖረች፣ ከየት እንደጠጣች በካርዱ ካልሰፈረ፣ ነገ ለሚመጣ ተመራማሪ የሚቆጠር ነገር አይቆየውም።